ከጌጃ እስከ ፎገራ

ፈረንጆች «ሰማንያዎቹ» የሚሏቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1982 ዓ.ም. ያሉት ናቸው። የዚያ ዘመን የትልቅ ከተማ የዘፈን ሬዲዮ ሲነሳ ለብዙው ዓለም ትዝ የሚለው ኒውዮርክና ለንደን ነው፤ በኤፍ ኤም ጥርት ብሎ የሚወጣ፣ መኪና ውስጥ የሚያንባርቅ፣ በየዘፈኑ መሀል ስሙን የሚጠራ ጣቢያ። አዲስ አበባም ትልቅ ከተማ ነበረች። በ1976ቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ተቆጥሮባታል። ዘፋኝ ነበራት፣ ባንድ ነበራት፣ ሙዚቃ ቤት ነበራት፤ የዘፈን ሬዲዮ ግን አልነበራትም። የነበራት ዜናውንም፣ ንግግሩንም፣ የእርሻ ምክሩንም፣ ዘፈኑንም በአንድ አፍ የሚያወጣ የመንግሥት ሬዲዮ ነው። ያም ሆኖ የዘመኑ ዘፈን የራሱ የሆነ፣ ገና ሁለት ምት ሲሰማ የሚለይ ድምፅ አለው። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ ድህነትና አፈና የሠሩት ነው ይላል። ሁለቱም እንደነበሩ አልክድም። እኔ የምለው ግን ከሁለቱም በላይ የሠራው ርቀት ነው። ዘፈኑ አዲስ አበባ ተቀድቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወረታ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለችው አንበሳሜም ላይ መሰማት ነበረበት። የሚያደርሰው ደግሞ ወይ አጭር ሞገድ ነው፣ ወይ ካሴት። ሁለቱም ወንፊት ናቸው። በወንፊቱ ያለፈው ነው የዘመኑ ድምፅ ሆኖ የቀረው።

ነገሩ ከሥሩ ይጀምር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሬዲዮ የተጀመረው በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ ጣሊያን ሊወርር ሲያኮበኩብ ነው። ዋና ሥራው የአገሪቱን አቤቱታ ለውጭው ዓለም ማሰማት ስለነበር፣ ከጅምሩ ጎረቤት እንዲሰማው ሳይሆን ሩቅ እንዲደርስ የታሰበ ሬዲዮ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ጣቢያውም ተመለሰ። ተቀባይ ሬዲዮ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር በአዲስ አበባ አደባባዮች ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ሕዝቡ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ዘፈኑን የሚያቀርቡት የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ እንዲሁም አገር ፍቅር ማኅበር ናቸው። ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መብት ስለነበረ፣ ጥላሁን ገሠሠም ሆነ ብዙነሽ በቀለ ከሕዝብ ጆሮ የገቡት ከሁሉ በፊት በሬዲዮ ነው፤ በብዙ አገር ሬዲዮ የሸክላ ማስታወቂያ ሆኖ ሲያገለግል፣ እኛ ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሬዲዮው ራሱ ሸክላው ነበር። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዘፈን ሲወለድም የመንግሥት፣ ሲሰራጭም የመንግሥት መሆኑ ደርግ ያመጣው ነገር አይደለም።

በ1955 ዓ.ም. የካቲት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ሥራ ጀመረ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ ጌጃ ላይ የተተከሉት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎቹ የታለሙት ለኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም፤ ለአፍሪካ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለእስያ ጭምር ነው። ስቱዲዮው በጊዜው ከከተማው ሁሉ የተሟላው ነበር። በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ የአገር ፍቅርን ብቸኛ መብት ችላ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ፤ የጠበቀው ቅጣት ሳይመጣበት ቀረና ሌሎችም ተከተሉት። ዓሊ አብደላ ካይፋም፣ ከተማው «ዓሊ ታንጎ» የሚለው፣ በዚያው በር ገባ። እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ የቆየው የሸክላ ዘመን አጭር ነው፤ አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም። ከዚያ ዘመን አንድ ነገር በተለይ ይጠቅመኛል። በ1968 ዓ.ም. የኢቤክስ ባንድ ልጆች በራስ ሆቴል አዳራሽ ያለ ድምፃዊ አንድ ቅጂ ሠሩ፤ መሣሪያ ይዞ መጥቶ የቀዳቸው የብሥራተ ወንጌል ባለሙያ የነበረ ስዊድናዊ ነው። ባንዱ ወደፊት «ሮሃ» ተብሎ፣ በእኛ አቆጣጠር የሰባዎቹን ብዙ ካሴት ሊያጅብ ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ጣቢያው ሊወረስ ነው። ከተማው ምን ዓይነት ድምፅ ማውጣት ይችል እንደነበር ከዚያ ቅጂ ይሰማል። ባሱ ሙሉ ነው፣ ሲምባሉ ጥርት ያለ ነው፣ አዳራሹ ራሱ ይሰማል። ስለዚህ በኋላ የመጣው ሳሳ ያለ ድምፅ ሙያ ከማጣት የመጣ ነው የሚለውን ወዲያ እንበለው።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ የብሥራተ ወንጌልን ሬዲዮ ወረሰና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አለው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አገሪቱ በማሰራጫ ረገድ ሀብታም፣ በጣቢያ ረገድ ድሃ ሆነች። ለሩቅ አህጉር የተተከለ ጉልበት ያለው ማሰራጫ በእጇ ገባ፤ የሚናገርበት አፍ ግን አንድ ብቻ ነው። ሰዓት እላፊው ከ1967 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የከተማውን ሌሊት ዘግቶታል። ሰዓቱ እየረዘመ እያጠረ ሥርዓቱ እስኪወድቅ ዘለቀ። የምሽት ክበብ ከሰዓት እላፊ በፊት የገባ ሰው ነግቶ በር እስኪከፈት አይወጣም፤ በሒልተን የሚጫወተው ዋልያስ ባንድ እስከ ንጋት መጫወቱም በዚሁ ምክንያት ነው። ሌሊት የማይንቀሳቀስ ሕዝብ የት ሆኖ ዘፈን ይሰማል? ቤቱ። በምን? በሬዲዮና በቴፕ። ሸክላ ማሳተሙ እየከሰመ በካሴት የተተካው በዚሁ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ የኢትዮጵያ ዘፈን ታሪክ በጠባብ ክር ላይ የተጻፈ ታሪክ ነው።

ካሴት እንዴት እንደሚሠራጭ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና። ባንዱና ድምፃዊው አብረው፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ይቀዳሉ። ከእናቲቱ ቅጂ ሙዚቃ ቤቱ ያባዛል። ከሙዚቃ ቤቱ የተገዛው ካሴት ክፍለ ሀገር ሲደርስ ሁለት ቴፕ ያለው ሰው ለሌላው ይቀዳል፤ ባዶ ካሴት ይዞ ሄዶ «ቅዳልኝ» ማለት ያገር ወግ ነበር። ክር ከክር በተቀዳ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ ሹሹታው ይጨምራል። በሦስተኛው ቅጂ ላይ ሲምባሉ አሸዋ ይሆናል፤ በአራተኛው ላይ ባሱ ጉርምርምታ ብቻ ነው። መሀል ላይ ያለው ድምፅ፣ ማለትም የሰው ጉሮሮ፣ ኪቦርዱ፣ ሳክስፎኑ፣ የመሲንቆና የክራር ድምፅ ያለበት ሥፍራ ግን ሳይነካ ይቆያል። ቴፑ ክር ሲበላ በሙጫ ወረቀት ተቀጣጥሎ ይመለሳል፤ የዘፈኑ አንድ ስንኝ ተጎርዶ ቢቀር ባለቤቱ ይለምደዋል። ካሴት የሚጠመጠመውም በቢክ እስክሪብቶ ነው፤ ወደኋላ መመለስ የባትሪ ድንጋይ ይጨርሳላ። የአጭር ሞገዱም ነገር ከዚህ አይለይም። ከጌጃ የወጣው ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ ነው ወረታ ያለችበት ፎገራ የሚወርደው። ሰማዩ በተለዋወጠ ቁጥር ድምፁ ይቀርባል፣ ይርቃል፤ በክረምት መብረቅ ሲበዛ ይንጫጫል። ጣቢያዎች እንዳይደራረቡ ለእያንዳንዱ የተሰጠው ሥፍራ ጠባብ ስለሆነም ቀጭኑ ድምፅ ገና ከማሰራጫው ሳይወጣ ይቆረጣል። ስለዚህ ሁለቱም መንገዶች፣ አንዱ በሰማይ አንዱ በአስፋልት፣ የሚያሳልፉት ያንኑ መሀከለኛውን ድምፅ ነው። የሰባዎቹ ዘፈን ለምን ጉሮሮ ይበዛበታል፣ ለምን ኪቦርዱ ሁልጊዜ ከድምፃዊው ጎን ይሄዳል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ጥያቄ ይነሳል። አቀናባሪው ሲያቀናብር ስለ ፎገራ ገበሬ ያስብ ነበር ወይ? አያስብም። መርካቶ ስላለው ገበያ ነበር የሚያስበው። ግን ማሰብ አያስፈልገውም። አሥር ካሴት በወጣበት ዓመት የትኛው ተባዛ፣ የትኛው በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ሳይወርድ ከረመ ብሎ የሚቆጥረው ሙዚቃ ቤቱ ነው። የሚሸጠውን ያወቀ ነጋዴ ለሚቀጥለው ሥራ የዚያኑ ዓይነት ያዛል። አባይን ተሻግሮ ጎጃምና ጎንደር ደርሶ የማይሰማ ዘፈን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቢወደድ እንኳ፣ ገበያው ግማሽ ነው። በዚህ ዓይነት ርቀቱ ማንም ሳያዘው አቀናባሪ ሆነ።

ኒውዮርክ ውስጥ የተገላቢጦሹ ነበር። ግንቦት 2 ቀን 1974 ዓ.ም. በአጭሩ «ደብሊው ኤ ቢ ሲ» የሚባለው ታላቅ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ዘፈን ማጫወት አቁሞ ወደ ወሬ ዞረ፤ አድማጩ ጥርት ወዳለው ኤፍ ኤም ጥሎት ሄዷልና። በተከታዩ ዓመት ሐምሌ «ዚ መቶ» የተባለ የኤፍ ኤም ጣቢያ ተነሥቶ ከመጨረሻው ደረጃ በ74 ቀን ውስጥ አንደኛ ወጣ። ውድድሩ በዘፈን ብቻ አልነበረም፤ ማን ጎልቶ ይሰማ የሚል ፉክክር ጭምር ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1975 ጀምሮ የመጣው «ኦፕቲሞድ» የሚባል መሣሪያ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ጠበቅ እያደረገ ጣቢያው ከጎረቤቱ እንዲበልጥ ያደርገው ነበር። የኒውዮርክን የሰማንያዎቹ ድምፅ የሠራው እንግዲህ መቀራረብ ነው፤ በአንድ መርፌ ላይ የተጨናነቁ ጣቢያዎች። የአዲስ አበባን የሠራው መራራቅ ነው። በዚያው በ1974 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሬዲዮ የሚወዳደረው ጎረቤት ጣቢያ አልነበረውም፤ የሚወዳደረው ከመብረቁ ጋር ነበር።

አሁን ወደ ሰሚው እንሂድ። ወረታ በሁለት መንገዶች መጋጠሚያ ላይ ያለች ከተማ ናት። አንዱ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው ነው፤ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚወጣው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ነው። ዘፈን በአውቶቡስና በጭነት መኪና በሚጓዝበት ዘመን የመንገድ መጋጠሚያ ማለት ጣቢያ ማለት ነው። ሾፌሩ አዲስ አበባ ሲያድር የገዛውን ካሴት እስከ ጎንደር ያጫውተዋል፤ ምሳ በሚበላበት ከተማ ያለ ቡና ቤት ይሰማዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ግልባጩ ከተማው ውስጥ አለ። ከወረታና በዚያው መንገድ ላይ ካለችው ከሐሙሲት ወደ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ በገበያ ቀን ይደርሰዋል። አንበሳሜ ላይ እህል ሸጦ የባትሪ ድንጋይ የሚገዛው ገበሬ ያን ጊዜ ዋናው የሬዲዮ አድማጭ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ለአንድ ለሁለት ምሽት ያገለግላል። በዚያ ስስት ውስጥ ሬዲዮ እንዲሁ አይከፈትም። ለዜና ይከፈታል፣ ለእሁድ መዝናኛ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሜዳው በራሱ ጊዜ እየተለወጠ ነበር፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ የሚዋጠው የፎገራ ሜዳ ሩዝን የተዋወቀው በዚሁ ዘመን፣ ሰሜን ኮርያውያን ባለሙያዎች በሻጋና በጅግና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሞክሩት ነው። ጅግና ያለው አንበሳሜ ባለችበት በደራ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ስሙን የያዘው ከዚያ ነው። ከፒዮንግያንግ የመጣ ባለሙያና ከአዲስ አበባ የመጣ ካሴት በአንድ ዓመት የሚገቡበትን መንደር «ከዓለም የተቆራረጠ ገጠር» እያሉ መጻፍ ይከብዳል።

«የጎንደር ሰው አዝማሪ እያለው ሬዲዮ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጎንደር የአዝማሪ አገር ነው፣ ጠጅ ቤቱም ከሬዲዮ በፊት የነበረ ጣቢያ ነው። ግን ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። የከተማው ዘፈን የተሠራው በዚያው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት ነው፤ ስለዚህ ኪቦርድ ለብሶ ሲመጣ ገበሬው ዜማውን ያውቀዋል። በዚህ ላይ ደርግ በየቀበሌው፣ በየወረዳው፣ በየአውራጃው የኪነት ቡድን አቁሞ ነበር። የጎንደሩ ፋሲለደስና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ኪነት ከእነዚህ ውስጥ ስማቸው የወጣ ናቸው። ቡድኑ የአብዮት መዝሙር እንዲዘምር ነበር የታሰበው። ይዘምራል፤ ከመዝሙሩ በኋላ ግን የአገሩን ዘፈን ይጫወታል፣ የካሴቱንም ይጫወታል። የገጠሩን ዜማ ቀድቶ ወደ ሬዲዮ የሚልከውም እሱ ነው። መንገዱ እንግዲህ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አልነበረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሙዚቃ ወዳጆች የሚመጣ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ያሳተማቸው የሸክላ ዘመን ሥራዎች ዓለምን ካስደነቁ ወዲህ፣ ከ1961 እስከ 1970 ያለው «ወርቃማው ዘመን» ሲባል፣ ተከትሎ የመጣው ውድቀት ተደርጎ ይቆጠራል። የነሐስ መሣሪያው ጠፋ፣ ኪቦርድ ገባ፣ ነገር ሁሉ ቀጠነ ነው ክሱ። ግማሹን እቀበላለሁ። ያ የነሐስ ድምፅ የቆመው የመንግሥት ደመወዝ በሚከፈለው የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ላይ ነበር፤ ንጉሡ ሲወርዱ ክብር ዘበኛም አብሮ ሄደ፣ ሆቴል ውስጥ የቀሩት ባንዶች ከእነዚያ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ሰው ናቸው። በርግጥ የጠፋ ነገር አለ። ግን «ወርቃማው ዘመን» የተባለውን በዘመኑ ስንት ሰው ሰማው? ሸክላ ማጫወቻ መብራት ይፈልጋል፣ መርፌ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይፈልጋል። የአሥራ አንድ ሰው ኦርኬስትራ በአጭር ሞገድ ሲያልፍ ጥሩምባው ሁሉ አንድ ጩኸት ይሆናል። ሮሃ ባንድ ያጀበው የመሐሙድ አሕመድ ወይም የነዋይ ደበበ ካሴት ግን አራተኛ ግልባጩም ላይ ቃሉ ይለያል። ለእኔ ይህ ሙያ ነው። አንድ ነገር እየጠበበ በሄደ ዕቃ ውስጥ እንዲገባ አድርጎ መስፋት፣ ሰፊ ጨርቅ ላይ ከመስፋት አያንስም። (ፋልሴቶ ራሱ ያን ሁሉ ሸክላ ፍለጋ የገባው የመሐሙድን ድምፅ ወዶ መሆኑን ስናስብ ደግሞ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል፤ መሐሙድ በካሴቱም ዘመን ያው መሐሙድ ነበርና።)

ሦስተኛው፣ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፣ ሳንሱሩ ነው። የካሴት ግጥም ሳይነበብና ሳይፈቀድ አይወጣም ነበር፤ በሬዲዮ የሚተላለፈውን ደግሞ ጣቢያው ራሱ ያጣራል። ስለዚህ የዘመኑን ድምፅ የሠራው ርቀት ሳይሆን መቀስ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ግን መቀሱ የቆረጠው ቃሉን እንጂ ድምፁን አይደለም እላለሁ። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ቃል መቁረጥ ትርፉ ብዙ አይደለም። አድማጩ ለፍቅረኛ የተዘፈነውን ለአገር፣ ለስደተኛ የተዘፈነውን ለእስረኛ እያደረገ ይሰማል፤ ዘፋኙ ያላሰበውን ወርቅ ሁሉ ይቆፍራል። ሳንሱሩ በእውነት የገደለው ሌላ ነገር ነው፤ አቅራቢውን። የለንደኑ «ካፒታል ሬዲዮ» አቅራቢ እንደልቡ እያወራ ዘፈን ሲያስተዋውቅ፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮ አቅራቢ የተጻፈለትን ያነባል፤ ቀልድ እንኳ በጽሑፍ ነው። በዚህ ምክንያት ከሬዲዮው ሰዎች ሕዝብ ልብ ውስጥ የገባው ድምፅ የዘፈን አስተዋዋቂ ድምፅ ሳይሆን የተራኪ ድምፅ ሆነ። ወጋየሁ ንጋቱ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ አገር ጸጥ ይል ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን የለበትም። የወጋየሁ ድምፅ ለአጭር ሞገድ የተፈጠረ ነው ያሰኛል፤ ዝግ ያለ፣ ፊደሉን ጨርሶ የሚያወጣ፣ ሞገዱ ሲርቅ እንኳ ትርጉሙን የማይጥል። የዘመኑን ትልቁን የሬዲዮ «ተወዳጅ ሥራ» ካሴት ቤቶች ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን ያልፈዋል።

ኅዳርና ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። የለንደን ሬዲዮኖች ሁሉ ስለ ኢትዮጵያ የተዘፈነ ዘፈን ያጫውቱ ጀመር። ከወሎና ከትግራይ የረሃቡ ሥዕል በቢቢሲ ከታየ በኋላ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ያሰባሰቧቸው ዘፋኞች የሠሩት ሸክላ ብሪታንያ ውስጥ ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ በለንደንና በፊላዴልፊያ የተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» በሳተላይት ዓለምን አዳረሰ። የትልቅ ከተማ የዘፈን ሬዲዮ ጉልበት ከዚህ በላይ የታየበት ቀን የለም። በዚያው ዓመት መስከረም አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በጧፍ አክብራ፣ የገዥውን ፓርቲ የኢሠፓን መመሥረት በመዝሙር አውጃ፣ ባለቀለም ቴሌቪዥን ከፍታ ነበር፤ ስለ ረሃቡ ሬዲዮው የሚለው ጥቂት ነው። ስለ ኢትዮጵያ የተዘፈነው ዘፈን በኢትዮጵያ ሜዳዎች ሳይሰማ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ምላሹ በ1980 ዓ.ም. ነው የሄደው፤ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጓድ አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን ዞሮ ለእርዳታው ምስጋና አቀረበ።

እስከዚያ ድረስ ግን ሌላ ጉዞ ተጀምሯል፤ ዘፈኑ ከውጭ ወደ አገር መግባት። በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ለዝግጅት የሄደው ዋልያስ ባንድ ሲመለስ ከፊሉ እዚያው ቀረ። አስቴር አወቀ በዚያው ጊዜ ገደማ ሄደች፣ ሙሉቀን መለሰም ተከተለ። ከቀሩት የዋልያስ ሰዎች አንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1977 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ብቻውን አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ሠራ። ያ ካሴት ለእኔ የክርክሬ ዋና ምስክር ነው። ሰውየው ያለበት አገር ስቱዲዮ ሞልቶታል፣ ኤፍ ኤም ሞልቶታል፤ የሠራው ድምፅ ግን ያው ሳሳ ያለ፣ መሀል ላይ የሚሄድ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ድህነት ብቻ ቢሆን አሜሪካ ውስጥ ይቀር ነበር። ሳንሱር ብቻ ቢሆን ቃል በሌለው ሙዚቃ ላይ ሥልጣን የለውም። የቀረው ልማድ ሆኖ ጆሮ ውስጥ የገባው ርቀት ነው። እነዚህ ካሴቶች በሻንጣ ተመልሰው ይገባሉ፤ አዲስ አበባ ይባዛሉ፤ በአውቶቡስ ወረታ ይደርሳሉ። ምሽት ላይ ደግሞ ሰው ድምፅ ዝቅ አድርጎ ሌላ ጣቢያ ይፈልጋል። የጀርመን ድምፅ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ነበረ፣ የአሜሪካ ድምፅም በ1975 ዓ.ም. መባቻ ተጨመረ። ከሰሜን ደግሞ የአማፂያኑ ሬዲዮዎች ይመጣሉ። አንዲቷ አጭር ሞገድ ዘፈኑንም፣ ዜናውንም፣ ፍርሃቱንም ታመጣለች።

የኢሕአዴግ አማፂያን የየካቲት 1983ቱ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» የጎንደርንና የጎጃምን መንገዶች ሲገለባብጥ የፎገራ ሜዳ ለሦስት ወር ያህል በሁለት መንግሥት መሀል ሆነ። መሬቱን የያዘው ኢሕአዴግ ነው፤ የብሔራዊ ሬዲዮው ድምፅ ገና የደርግ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አውቶቡስ የለም። ስለዚህ ካሴቱ ቆመ፣ ሞገዱ ብቻ ቀረ። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ለቀው መውጣታቸውን የሚናገረውን ዜና ያነበበው ያው ሬዲዮ ነው፤ ግንቦት 20 ጣቢያው ራሱ እጅ ለወጠ። ሰዓት እላፊውም በኋላ ተነሣ፣ ካሴቱም እንደገና መንገዱን ያዘ።

አዲስ አበባ የራሷን የዘፈን ሬዲዮ፣ ኒውዮርክና ለንደን የሚያውቁትን ዓይነት፣ ያገኘችው በ1992 ዓ.ም. «ኤፍ ኤም አዲስ 97.1» ሲከፈት ነው። አቅራቢው ሳይጽፍ ማውራት ጀመረ፣ አድማጩ በስልክ ገባ፣ ባሱና ሲምባሉ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመለሱ። ለማጫወት ከተነሡት ዘፈኖች ብዙዎቹ የሰባዎቹ ካሴቶች ስለነበሩ፣ ጥርት ባለው ማሰራጫ ውስጥ የድሮው ክር ሹሹታ ቁልጭ ብሎ ይሰማ ነበር። ኤፍ ኤም ግን እንደ አጭር ሞገድ ሰማይ ነክቶ አይመለስም፤ ዓይን ከሚያየው አድማስ ብዙ አይርቅም። እንጦጦን ሲሻገር ያልቅለታል። በዚያ ዓመት ወረታ ላይ ያለ ሰው የሬዲዮኑን መርፌ ገፍቶ 97.1 ላይ ቢያቆማት የሚሰማው ባዶ ሹሹታ ብቻ ነበር፤ መልሶ ወደ አጭር ሞገዱ ይዞራል፣ የጌጃው ማሰራጫ እየራቀ እየቀረበም ቢሆን ያኔም እዚያው ነበርና።